ፕላዝማ እንዴት ተወለደ? እንዴትስ ተሸነፈ? የጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ታሪክ

ያዘዛችሁት ምግብ እስኪቀርብ ይህችን ጋዜጣ እየገለጣችሁ ከሆነ ቀና ብላችሁ ግድግዳውን ተመልከቱ። አንድ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ሳታዩ አትቀሩም። ዛሬ ማንም ልብ የሚለው ዕቃ አይደለም። ቀደም ብለን ከአገር የወጣን ሰዎች ግን ቴሌቪዥን ማለት ሁለት ጎረምሳ ተጋግዞ የሚያነሣው፣ የሳሎኑን አንድ ማዕዘን ለብቻው የሚይዝ፣ ከላዩ ዳንቴል የሚለብስ ትልቅ ሣጥን እንደ ነበረ አንረሳውም።

አገር ቤት ደግሞ ነገሩ ሌላ ትርጉም አለው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ሁለተኛ ደረጃ የተማረን ወጣት «ፕላዝማ» ብትሉት ትዝ የሚለው ቴሌቪዥን ሳይሆን ክፍሉ፣ ደብተሩና ፈተናው ነው። ይህ ቃል እንዴት ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ እስከ አገራችን ትምህርት ቤት እንደ ደረሰ፣ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥንም በየዓይነቱ ምን በጎ ጎን፣ ምንስ ጉድለት እንደ ነበረበት ማወቅ ጠቃሚ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሣጥኑ ለምን ወፍራም ሆነ?

የድሮው ቴሌቪዥን መሠረት ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ፈርዲናንድ ብራውን በ1897 የሠራው የመስታወት ቱቦ ነው። ከቱቦው ኋላ የሚተኮስ የኤሌክትሮን ጨረር ከፊት ለፊቱ መስታወት ላይ የተቀባውን ፎስፈር ሲመታ ብርሃን ይወጣል። አሜሪካዊው ወጣት ፋይሎ ፋርንስወርዝ በ1927 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በኤሌክትሮኒክስ ብቻ የሚሠራ የቴሌቪዥን ሥዕል ያሳየው በዚህ መንገድ ነበር።

ይሁን እንጂ ቱቦው ውስጡ አየር አልባ መሆን አለበት። ስለዚህ የውጭው አየር ጨፍልቆ እንዳይሰብረው መስታወቱ ወፍራም ይደረጋል። ጨረሩ ከኋላ ተነሥቶ ወደ አራቱም ማዕዘን መድረስ ስላለበት ደግሞ ቱቦው ጥልቀት ያስፈልገዋል። የኤክስሬይ ጨረር እንዳያፈተልክም በመስታወቱ ውስጥ እርሳስ ይጨመርበታል። ስለሆነም መስኮቱ በሰፋ ቁጥር ክብደቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ሶኒ ይሸጠው የነበረው 40 ኢንች ባለቱቦ ቴሌቪዥን ከ130 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ከዚያ ብዙ ርቆ መሄድ አልተቻለም።

እውነቱን ለመናገር ቱቦው መልካም ጎን ነበረው። ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ሩጫና ኳስ አይደበዝዝበትም፣ ከየትኛውም ወገን ተቀምጦ ቢታይ ቀለሙ አይለወጥም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ዳሩ ግን ትልቅ ሥዕል የፈለገ ሰው ሌላ ነገር መጠበቅ ነበረበት።

ይህን ከሁሉ በፊት ከተመኙት አንዱ የአር.ሲ.ኤ. ኩባንያ መሪ ዴቪድ ሳርኖፍ ነው። ሳርኖፍ እንደ እኛው ስደተኛ ነበር። በሚንስክ አቅራቢያ ተወልዶ በ1900 በልጅነቱ ኒውዮርክ ገባ፤ ጋዜጣ እየሸጠም አደገ። በሬዲዮ ሥራ ላይ 45 ዓመት የቆየበት በዓል በ1951 ሲከበር ተመራማሪዎቹን ሦስት ስጦታ ጠየቃቸው። አንዱ ብርሃንን የሚያጎላና ለቴሌቪዥን ትልቅና ደማቅ ሥዕል የሚሰጥ መሣሪያ ነበር። ቴሌቪዥንን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ መስቀልም የኩባንያው ሕልም ሆነ።

1964፤ የልደት ዓመት

በ1960 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ዶናልድ ቢትዘር «ፕላቶ» የተባለ፣ በኮምፒዩተር ትምህርት የሚሰጥ ሥርዓት መሥራት ጀመረ። ተማሪው ከመስኮቱ ፊት ይቀመጣል፣ ጥያቄ ይቀርብለታል፣ በፊደል ሰሌዳው መልሱን ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩም መልሱን አይቶ ወደሚቀጥለው ይወስደዋል ወይም ይመልሰዋል። ችግሩ ግን ሥዕል ማሳያው ነበር። በተለመደው ቱቦ ላይ ሥዕሉ ሳያቋርጥ መታደስ ስላለበት ለእያንዳንዱ ተማሪ የኮምፒዩተር ማስታወሻ ያስፈልጋል። የዚያን ጊዜ ማስታወሻ ደግሞ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም።

በ1964 ቢትዘር፣ ባልደረባው ጂን ስሎቶውና ተማሪያቸው ሮበርት ዊልሰን መፍትሔውን አገኙ። በሁለት ስስ መስታወቶች መካከል ጋዝ አስገብተው ኤሌክትሪክ ሲያሳልፉበት እያንዳንዷ ነጥብ እንደ ትንሽ መብራት በራች። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ አንድ ጊዜ የበራችው ነጥብ ጥፊ እስክትባል ድረስ እንደበራች መቆየቷ ነው። መስኮቱ ራሱ ማስታወሻ ሆነ ማለት ነው። በ1970ዎቹ ሥራ ላይ የዋለው የፕላቶ መስኮት 512 በ512 ነጥቦች ያሉት፣ ብርቱካናማ ብርሃን የሚሰጥና ተማሪው በጣቱ ሲነካው የሚያውቅ ነበር። እንግዲህ ፕላዝማ የተወለደው ለፊልም ወይም ለኳስ ሳይሆን ለተማሪ ነው። ይህን ነገር ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው በ1964 ፕሪንስተን ከተማ በሚገኘው የአር.ሲ.ኤ. ምርምር ጣቢያ ጆርጅ ሃይልማየር የተባለ ወጣት መሐንዲስ ሌላ መንገድ ያዘ። ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ሊቅ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር በ1888 አንድ እንግዳ ነገር አይቶ ነበር። ያጠናው ንጥረ ነገር ሁለት ጊዜ ይቀልጣል፤ በመጀመሪያው ደፍርሶ፣ በሁለተኛው ጠርቶ። ይህ በጠጣርና በፈሳሽ መካከል የቆመ ነገር «ፈሳሽ ክሪስታል» ተባለ። ለሰባ ዓመት ያህልም የላቦራቶሪ ጉድ ሆኖ ቆየ። ሃይልማየር ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍበት ብርሃንን እንደሚያግድና እንደሚለቅ አሳየ። ዛሬ ኤል.ሲ.ዲ. የምንለው ማሳያ ጉዞ በዚህ ተጀመረ።

ለእኛም 1964 የማይረሳ ዓመት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ውስጥ ሥርጭቱን የጀመረው በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ነበር። እኛ ባለቱቦውን ሣጥን ስንቀበል የሚተካው መሣሪያ በሌላው የዓለም ጫፍ ገና እየተፀነሰ ነበር ማለት ነው።

አሜሪካ ፈለሰፈች፣ ጃፓን ሸጠች

አር.ሲ.ኤ. በግንቦት ወር 1968 ጋዜጠኞችን ጠርቶ አዲሱን ግኝት በታላቅ ኩራት አሳየ። ነገር ግን ኩባንያው ገንዘብ የሚያገኘው ከቱቦ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቴሌቪዥን ብዙ ዓመት እንደሚቀረው ሲረዳ ትዕግሥቱ አለቀ። ሃይልማየርም ሥራውን ትቶ ሄደ።

በአውሮፓ ግን ሥራው ቀጠለ። ማርቲን ሻትና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪሽ በ1970 ባዝል ከተማ፣ ስዊዘርላንድ፣ በጥቂት ኃይል የሚሠራ የተሻለ ዘዴ አገኙ። በእንግሊዝ አገር በሀል ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ግሬይ በተራ ክፍል ሙቀት ሳይበላሽ የሚቆይ ፈሳሽ ክሪስታል ሠራ። በፒትስበርግ ደግሞ ከሃንጋሪ የመጣው ስደተኛ ፒተር ብሮዲ በዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ለእያንዳንዷ የሥዕል ነጥብ አንዳንድ ትራንዚስተር የመስጠትን ዘዴ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሳየ። ዛሬ በኪሳችንም በግድግዳችንም ያለው መስኮት የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ዌስቲንግሃውስ ግን ሥራውን በ1979 ዘጋው።

ጃፓኖቹ ነገሩን በሌላ ዓይን አዩት። ሻርፕ ኩባንያ ወዲያው ግድግዳ የሚሸፍን ቴሌቪዥን ልሥራ አላለም። በ1973 ፈሳሽ ክሪስታልን በኪስ ካልኩሌተር ላይ አዋለው። ጥቂት ቁጥር ብቻ የሚያሳይ፣ በትንሽ ባትሪ ብዙ የሚሠራ ዕቃ ነበር። ሴይኮ በ1982 የቴሌቪዥን ሥዕል የሚያሳይ የእጅ ሰዓት አወጣ። ኤፕሰን በ1984 ባለ ቀለም የኪስ ቴሌቪዥን ሸጠ። ሻርፕ በ1988 መስኮቱን ወደ 14 ኢንች አሳደገው። እያንዳንዱ ትንሽ ዕቃ ለሚቀጥለው ተለቅ ያለ ዕቃ የምርምሩን ወጪ ከፈለለት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአበው ምሳሌ የዚህን ያህል የተስማማው ታሪክ ጥቂት ነው።

የፕላዝማ የክብር ዘመን

ፕላዝማም አልተኛም ነበር። በጃፓን የፉጂትሱ መሐንዲስ የሆነው ትሱታዬ ሺኖዳ ለዓመታት ደክሞ ብርቱካናማውን ብርሃን ወደ ሙሉ ቀለም ለወጠው። በ1992 ባለ 21 ኢንች ተሠራ፣ ቀጥሎም ባለ 42 ኢንች መጣ። በአሜሪካ ፊሊፕስ በ1997 ባለ 42 ኢንቹን ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው 14,999 ዶላር ነበር። በዚያን ጊዜ በዚህ ገንዘብ አዲስ መኪና ይገዛ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሁለት መስታወቶች መካከል ኒዮንና ዜኖን የተባሉ ጋዞች የያዙ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ብርሃን ይወጣል። ይህም በየጉድጓዱ የተቀባውን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ፎስፈር ያበራዋል። በየቢሮው ጣራ ላይ ያለውን የፍሎረሰንት መብራት አሳንሳችሁ፣ ከሚሊዮን ባላነሰ ቁጥር አባዝታችሁ፣ ጎን ለጎን ደርድሩት፤ ያ ፕላዝማ ነው።

በጎ ጎኑ ብዙ ነበር። እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ስለምታበራ ጥቁሩ የጠለቀ ነው። የኳስ ጨዋታ አይደበዝዝም። ከጎን የተቀመጠው ዘመድም መሐል ላይ የተቀመጠው ያየውን ያያል። ስለ ሥዕል ጥራት የሚጽፉ ባለሙያዎች ለብዙ ዓመት ፕላዝማን ከኤል.ሲ.ዲ. የሚያስበልጡት በዚህ ምክንያት ነበር።

ጉድለቱም ቀላል አልነበረም። ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ይሞቃል፣ መስታወቱ ከባድ ነው፣ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ያንጸባርቃል። ከሁሉ የከፋው ሳይንቀሳቀስ የሚቆይ ሥዕል ጠባሳ መተዉ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ጣቢያ ከፍቶ በሚውል ምግብ ቤት የጣቢያው ምልክት በመስኮቱ ማዕዘን ተቃጥሎ ይቀራል። ሌላ ጣቢያ ቢከፈትም ምልክቱ እንደ ጥላ አብሮ ይታያል።

ለእኛ አገር ሰዎች በተለይ የሚመለከት አንድ ሌላ ጉድለት ነበረበት። በፕላዝማ ውስጥ የታሸገው ጋዝ ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ነው፤ ሁለቱን መስታወቶች አጣብቆ የሚይዛቸው የውጭው አየር ክብደት ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ መስታወቱ ይላላል፣ መሣሪያውም እንደ ንብ ይጮሃል። በዚህ የተነሣ ብዙዎቹ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ የከፍታ ገደብ ይጽፉ ነበር፤ አንዳንዶቹም 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ያቆሙ ነበር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች! «ለእማማ ትልቅ ቴሌቪዥን» ብሎ ከባሕር ጠረፍ ከተማ ፕላዝማ ጭኖ የላከ ሰው ይህችን ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ ነበረበት።

ኤል.ሲ.ዲ. እንዴት አሸነፈ?

ፈሳሽ ክሪስታል ራሱ ብርሃን የለውም። ከኋላው መብራት ይበራል፤ ክሪስታሉ እንደ መስኮት መዝጊያ እየተከፈተና እየተዘጋ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ያግዳል። ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል። መዝጊያው ፈጽሞ ስለማይገጥም ብርሃን ያፈተልካል፣ ጥቁሩም ግራጫ ይመስላል። ክሪስታሉ ለመዞር ጊዜ ስለሚወስድ የቀደሙት ኤል.ሲ.ዲ.ዎች ላይ ኳሷ ጭራ ታበቅል ነበር። ከጎን ለሚያይም ቀለሙ ይገረጣል።

ታዲያ በሥዕል ጥራት የሚያንሰው እንዴት አሸነፈ? መልሱ ከፋብሪካው ወለል ላይ ይገኛል። ኤል.ሲ.ዲ. ለሰዓት፣ ለተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተርና ለስልክ ሁሉ ይሆናል። ፕላዝማ ግን ጉድጓዶቹ ሲያንሱ ብርሃኑ ስለሚደክም ለትልቅ ቴሌቪዥን እንጂ ለሌላ ብዙም አልሆነም። አንዱ በብዙ ገበያ ሲነግድ ሌላው በአንድ ገበያ ብቻ ቀረ። የሻርፕ ፕሬዚዳንት ካትሱሂኮ ማቺዳ በ1998 ኩባንያው በጃፓን የሚሸጣቸው ቴሌቪዥኖች እስከ 2005 በሙሉ ኤል.ሲ.ዲ. እንደሚሆኑ ሲያስታውቅ ብዙዎች ተጠራጥረው ነበር። በ2007 መጨረሻ ላይ ግን በዓለም ገበያ የኤል.ሲ.ዲ. ሽያጭ የቱቦውን በለጠ። በሱቅ ውስጥም ኤል.ሲ.ዲ. ዕድለኛ ነበር፤ በደማቅ መብራት ሥር ደምቆ ይታያል፣ ፕላዝማ ግን የደበዘዘ ይመስላል። ገዢው ደግሞ የሚመርጠው ሱቅ ውስጥ ያየውን ነው።

በአሜሪካ ሰኔ 12 ቀን 2009 ዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች የድሮውን የአናሎግ ሥርጭት አቁመው ወደ ዲጂታል ሲዛወሩ ብዙ ቤተሰብ የድሮውን ሣጥን ጣለ። መንግሥት ለማስተካከያዋ ሣጥን መግዣ ለእያንዳንዱ ቤት እስከ ሁለት ባለ 40 ዶላር ኩፖን ሲያድል እንደ ነበር የምታስታውሱ አላችሁ። ሣጥኖቹ ሲጣሉ ግን በመስታወታቸው ውስጥ ያለው እርሳስ ሌላ ጣጣ ሆነ። ጠፍጣፋዎቹም ቢሆኑ ፍጹም ንጹሕ አልነበሩም፤ የቀደሙት ኤል.ሲ.ዲ.ዎች የኋላ መብራት ሜርኩሪ ነበረበት።

ድሉም ያለ እድፍ አልነበረም። የኤል.ሲ.ዲ. መስኮት አምራቾች በድብቅ ተሰብስበው ዋጋ ሲወስኑ እንደ ነበር የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ደረሰበት። በ2008 ኤል.ጂ. ዲስፕለይ፣ ሻርፕና የታይዋኑ ቹንግሁዋ ጥፋታቸውን አምነው በድምሩ 585 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማሙ። በ2012 ደግሞ ሌላው የታይዋን ኩባንያ ኤ.ዩ.ኦ. 500 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። «በርካሽ ገዛን» ብለን የተደሰትንበት ዕቃ ከዚያም በርካሽ ሊሸጥ ይችል ነበር ማለት ነው።

ፕላዝማ አልቻለም። ፓይኒር በ2009 ከቴሌቪዥን ሥራ መውጣቱን አስታወቀ። ፓናሶኒክ በ2013 መጨረሻ ፕላዝማ ማምረቱን አቆመ፤ ሳምሰንግና ኤል.ጂ.ም በ2014 ተከተሉት። አሸናፊውም ቢሆን ለዘላለም አልነገሠም። የኤል.ሲ.ዲ. ሥራ ከጃፓን ወደ ኮርያና ወደ ታይዋን፣ ከዚያም ወደ ቻይና ተሻገረ። ሻርፕ ራሱ በ2016 ለታይዋኑ ፎክስኮን ተሸጠ፤ ሳካይ የሚገኘው ታላቁ ፋብሪካውም በ2024 የቴሌቪዥን መስኮት ማምረቱን አቆመ።

ፕላዝማ በአገራችን ክፍል ውስጥ

አሁን ወደ ተውነው ጉዳይ እንመለስ። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በመቶዎች በሚቆጠሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን አስገብቶ በሳተላይት ትምህርት ማሠራጨት ጀመረ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ የሚዘጋጀውም በደቡብ አፍሪካ ነበር። ዓላማው የሚናቅ አይደለም። የሠለጠነ የሳይንስና የሒሳብ መምህር ባልነበረበት ወረዳ ያለ ልጅ አዲስ አበባ ያለው ልጅ የሚያየውን ሙከራና ሥዕል እንዲያይ ነው። በዚህ የተጠቀሙ ተማሪዎች አሉ።

ሆኖም አገሩን ያጠኑ ምሁራንም፣ የተማሩበት ወጣቶችም ተደጋግሞ የሚያነሡት ቅሬታ አለ። በመስኮቱ ላይ ያለው መምህር ይናገራል፣ አይጠብቅም። ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ገጹ ይለወጣል። ጥያቄ ይጠየቃል፣ ልጁ ሳያስብ መልሱ ይመጣል። እንግሊዝኛው ያልገባው እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አለፈ። በክፍሉ ያለው መምህር ደግሞ በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተሰጥቶት በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆነ።

ልብ በሉ! ኢሊኖይ ውስጥ ፕላዝማ የተፈለሰፈው ተማሪው እንዲመልስ፣ ቢሳሳት እንዲመለስ፣ በራሱ እርምጃ እንዲሄድ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ እኛ ዘንድ ሲደርስ መስታወቱ ደረሰ፣ ሐሳቡ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ጥፋቱ የፕላዝማ አይደለም። መስኮት የቱንም ያህል ቢጠራ የልጁን ፊት አይቶ «ገባህ?» ብሎ የሚጠይቅ ካልሆነ መምህር ሊሆን አይችልም።

ዛሬስ?

የፕላዝማ ነፍስ ፈጽማ አልጠፋችም። ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በኮዳክ ኩባንያ በ1987 ይፋ ያደረጉት ኦ.ኤል.ኢ.ዲ. የተባለው ዘዴ እንደ ፕላዝማ እያንዳንዷን ነጥብ በራሷ ያበራል። ሶኒ በ2007 ባለ 11 ኢንቹን፣ ኤል.ጂ. በ2013 ባለ 55 ኢንቹን ለገበያ አቀረቡ። ጥቁሩ የጠለቀ፣ ውፍረቱ እጅግ የሳሳ ነው። ነገር ግን ዋጋው ከኤል.ሲ.ዲ. ይበልጣል፤ የማይንቀሳቀስ ሥዕል ጠባሳ መተዉም እንደ ፕላዝማ አልለቀቀውም። ዜና ቀኑን ሙሉ ለሚከፍት ቤት ዛሬም ኤል.ሲ.ዲ. ይሻላል። በጨለማ ክፍል ፊልም ለሚያይ ኦ.ኤል.ኢ.ዲ. ይመረጣል። «ኤል.ኢ.ዲ.» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ቴሌቪዥንም ያው ኤል.ሲ.ዲ. ነው፤ የተለወጠው የኋላ መብራቱ ነው።

ወደ አገር ቤት ለምትልኩ ሁለት ነገር እንጨምር። እነዚህ ሁለቱ እንደ ፕላዝማ የታሸገ ጋዝ ስለሌላቸው የአዲስ አበባ ከፍታ አያስጮኻቸውም። ነገር ግን የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው 120 ነው። በጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይሠራል የሚል ካልተጻፈበት ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። ስትጭኑም አቁሙት እንጂ አታስተኙት።

የዚህ ሁሉ ታሪክ ትምህርቱ ግልጽ ነው። የተሻለው ሥዕል አላሸነፈም፤ ቀድሞ የፈለሰፈውም አልበለጸገም። ያሸነፈው ትንሹን ሥራ ሳይንቅ በትዕግሥት የቀጠለው ነው። ዕቃው ይመጣል፣ ይሄዳል። የላክነው ቴሌቪዥን ለእናታችን ደስታ ይሰጣል፤ ለታናሽ ወንድማችን ወይም ለእኅታችን ግን በስልክ «ዛሬ ምን ተማራችሁ? ምን አልገባችሁም?» ብሎ መጠየቅ ከየትኛውም መስኮት ይበልጣል። ይህን ለመጠየቅ ደግሞ ፕላዝማም ኤል.ሲ.ዲ.ም አያስፈልግም።

መልካም ምግብ ይሁንላችሁ!